ረዲ በማይክ የሰጠው መሬት

የባሌን ነገር ላውራ ካልኩ ከስታዲየሙ መጀመር አለብኝ። ሁለቱን ለያይቶ ማውራት አይቻልም፤ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው፣ ሁለቱም ሜዳ ላይ ቆመው ቀሩ፣ ለቤቴም አንዳቸው አልረቡኝም።

ከቆቦ ወጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ዞብል ተራራ ስታዞሩ፣ ማሽላው መሀል አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ብቻውን ተገትሮ ታያላችሁ። እንግዳ ሰው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የባጃጅ ሾፌሮቹ ዩኒቨርሲቲ ነበር ይሉታል። ዩኒቨርሲቲውስ ከጎኑ ነበር፤ እሱም ቢሆን ዋናው ሳይሆን ቅርንጫፉ ነው፣ ያውም የደረቀ ቅርንጫፍ። ይኼ የቆመው ስታዲየሙ ነው። አሁን ፍየል ይውልበታል። መሮጫው ላይ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ጎረምሶች ባጃጅ ይለማመዱበታል። የክብር እንግዳ ይቀመጥበታል የተባለው ጥላ ስር የማሽላ አገዳ ተከምሯል። በበጋ ከአፋር በኩል የሚመጡት ግመሎች የጎሉ ብረት ላይ ሲታከኩ አያለሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከዚያ ሁሉ ወጪ የግመሎቹ እከክ ነው የተጠቀመው።

እኔ አሚና እባላለሁ። በሩ ላይ ቆሎ ስሸጥ ስለኖርኩ ይህን ስታዲየም ከመሠረቱ እስከ ቀብሩ አውቀዋለሁ። ባሌ ረዲ ደግሞ በተራራው በኩል ያለው ጎል የቆመበትን መሬት የሰጠው ሰው ነው። የሰጠው ስላችሁ አስተውሉ። ሌላው ገበሬ መሬቱ ተወሰደበት፣ ካሳውን ተቀበለ፣ በካሳው ቤት ሠራ። የኔ ባል ግን ሰጠ።

ረዲ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ነገር ጠይቄው መልሱ እስኪመጣ ሽንኩርት ከትፌ እጨርሳለሁ። ከተናገረ ግን አለቀ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል አገሩ ሁሉ፤ ብሎም ይረሳዋል። ረዲ ግን አይረሳም። ሲያገባኝ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጄን ከቆቦ እንዳታስወጣት ብሎት ነበር፤ እናቴ ስለታመመች እንድቀርባት ፈልጎ ነው። ረዲ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። እናቴ ሞተች፣ አባቴም ተከተላት። ከዚያ አጎቱ ሮቢት ላይ ውሃ ገብ መሬት አለኝ፣ እኔ ደክሜያለሁ፣ ኑና እረሱት አለን። እኔ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ። ረዲ ለአባትሽ ቃል አለብኝ ብሎ ቁጭ አለ። አባቴ ሞቷል እኮ ብለው፣ እሱ ከሞተ ታዲያ ማን ይፈታኛል አለኝ። መሬቱን የአጎቱ የሚስት ወንድም አረሰው፤ ዛሬ ፎቅ አለው።

ነገሩ ከየት መጣ ብትሉ፣ በኛ በራያ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ዱዓ የተደረገበት ቃል ዝም ብሎ አይፈርስም። የሚፈታው የተቀበለው ሰው ብቻ ነው፤ ቃሉ በተሰጠበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌ እየሰማ፣ ፈትቼሃለሁ ሲል ነው። ድሮ ደም የሚደርቀውም፣ ድንበር የሚጸናውም በዚህ ነበር። አሁን ሰዉ ይህን የሚያስታውሰው ሲመቸው ነው። ባሌ ብቻ ሳይመቸውም ያስታውሰዋል፣ እኔን አያድርጋችሁ።

ወደ ስታዲየሙ ልመለስ። የመሠረት ድንጋይ ሊጥሉ የመጡ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ የእስላምም የክርስቲያንም ሰንጋ ታረደ፣ ትላልቅ ድምፅ ማጉያዎች ከመኪና ወረዱ። መሬቱ ቀድሞ ተለክቷል፣ ካሳውም ተከፍሏል። ገመድ ሲዘረጉ ግን ሜዳው አጠረ። ኢንጂነሩ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ላቡን ጠረገ፤ የኛ እርሻ ካልገባ ጎሉ መቆሚያ የለውም ሆነ። ያን ሁሉ ወር ሲለኩ ከርመው ኳስ ሜዳ ሁለት ጎል እንዳለው ያን ቀን ነው ትዝ ያላቸው። የካሳው ገንዘብ ደግሞ አልቋል።

ያኔ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ደጀን የሚባል ሰው ነበር፤ ምላሱ ቅቤ የተቀባ። ረዲን ከሕዝቡ መሀል ፈልጎ አወጣውና ትከሻውን አቅፎ መድረክ ላይ ወሰደው። የትምህርት አባት አለው። ልጅህ ነገ እዚህ ይማራል አለው። በየጨዋታው የክብር ወንበር ላይ ትቀመጣለህ አለው። አንድ ኮፍያ ራሱ ላይ ደፋለትና ማይኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ረዲን በሕይወቱ ሙሉ የሚያዳምጠው በሬ ብቻ ነበር። ያን ቀን ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ ዞብልን መትቶ ሲመለስ ሰማ። ጠጅ አይቀምስም፣ ጫትም ብዙ አይወድም፣ በማይክ ግን ሰከረ። "መሬቴን ለትምህርት ሰጥቻለሁ" አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። "እኔም አልጠይቅም፣ ልጄም አይጠይቅም" ብሎ ጨመረበት። ሼህ ሙሀመድሰይድ ዱዓ አደረጉ፣ ሕዝቡ አሚን አለ፣ ተጨበጨበ። ልጄ ሙህሲን ያኔ ጡት አልጣለም፤ ጀርባዬ ላይ ታዝሎ ተኝቷል። እሱም በእንቅልፉ ቃል ገባ ማለት ነው።

መሬቱ እኮ መሬት ነበር። ክረምት ከዞብል የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን እናስገባበታለን፤ አንዴ ከጠጣ ዝናብ ቢቀርም ደጋሊት የምንለው ማሽላችን ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። እዚያ ላይ ጎል ተከሉበት። እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው መሬት በእኩል እያረስን፣ ግማሹን ለባለመሬቱ እየሰፈርን ኖርን።

ስታዲየሙ ሲያልቅ ሳር ከደጋ በመኪና መጣለት። በቆቦ ፀሐይ የደጋ ሳር። እኛ ጄሪካን ይዘን ስንሰለፍ ከጉድጓድ የሚሳበው ውሃ ሳሩ ላይ ሲረጭ ይውላል፤ ሳሩ ግን ልክ እንደተማረ ሰው በበጋው መሀል ጥሎን ሄደ። የተረፈችውን ፍየል ጨረሳት። በነሐሴ የሶለልን በዓል የሚያከብሩት ልጃገረዶች ቀሚሳቸውን ለብሰው ሊጫወቱ ሲገቡ ዘበኛው ሳሩን እንዳትረግጡ ብሎ መለሳቸው። ልጆቹ መሬቱን እያዩ የትኛውን ሳር ብለው ሲስቁ እኔም ቆሎዬ እስኪደፋ ሳቅሁ።

የተመረቀ ቀን ረዲ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ያችን ኮፍያ ደፍቶ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሄደ። ዘበኛው የግቢ መታወቂያ አምጣ አለው። የለኝም፣ ግን ያኛው ጎል መሬቴ ነው አለው። ዘበኛው መሬት በኪስ አይያዝም፣ መታወቂያ ነው የሚያዘው ብሎ አስወጣው። መጥቶ የቆሎዬ ማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ ተቀመጠ። ውስጥ ሲጮሁ ጎል የገባው በኛ በኩል ይሆን እያለ ይጠይቀኛል። እኔ የውስጤን ተናገርኩት፤ ሰው መሳይ በሸንጎ አልኩት፣ ኮፍያውን አውልቀህ ለፍየሎቹ ስጣቸው አልኩት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከጨዋታው ንግግሩ ይበዛ ነበር። ዓመት በዓመት አንድ ባለሥልጣን እየመጣ ስታዲየሙ ዓለም አቀፍ ይሆናል ብሎ ይናገርና ሰንጋውን በልቶ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ጦርነቱ መጣና ተማሪው በየቤቱ ገባ። ጦርነቱ ሄደ፣ ተማሪው ግን አልተመለሰም። በሩም፣ መስኮቱም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም፣ ወንበሮቹም ሄደዋል። ሁሉንም ወታደር ወሰደው እንላለን። የክብር ወንበር ከተባሉት አንዱን ግን ጎረቤቴ ቤት ዶሮ ሰፍራበት አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቅርንጫፉን ወደ ሌላ አዛውሬያለሁ ብሎ ቀረ። ሲመጡ በጥሩምባ ነበር፤ ሲሄዱ ደህና ዋሉ ያለን የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሙህሲን አደገ። አሥራ ሁለተኛ ጨረሰ፣ ነጥብ አልመጣለትም፣ መሬት የለው፣ ሥራ የለው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ይሄዳል። የደረሰው ገንዘብ ይልካል፤ ያልደረሰውን እናቱ ስልክ እያየች ትኖራለች። የአጥራችን ጎረቤት ልጅ በረመዳን ሄዶ እስካሁን ስልኩ አይጠራም። ሙህሲን እንደ አባቱ ንግግር የማያበዛ ነው፤ አንድ ቀን እማ፣ የራሴ መሬት ቢኖረኝ የትም አልሄድም፣ ከሌለ ግን ከአጨዳ በኋላ ከልጆቹ ጋር እወጣለሁ አለኝ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አላህ በር የከፈተልን። ከተማው ስታዲየሙን የሚያይ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው አንዷለም ይባላል፣ ከልጅነቱ የማውቀው፣ ቆሎዬን በዱቤ እየበላ ያደገ። ደንቡ አጭር ነው። ካሳ የበላ መሬቱ አይመለስለትም። ፈቅዶ የሰጠም አይመለስለትም። ካሳ ሳይቀበል የተወሰደበት ካለ ግን መልሶ ይረከባል። በዚያ ስታዲየም ውስጥ ካሳ ያልበላ አንድ ሰው ረዲ ብቻ ነው። የሰጠበት ወረቀት ደግሞ የለም፤ በማይክ ተናግሮ በንፋስ ሄዷል።

አንዷለም ቤታችን ድረስ መጣ። ስብሰባው ላይ እጠይቅዎታለሁ፣ እርስዎ ተወሰደብኝ ይበሉ፣ በዚያው ያልቃል አለ። ቃሉ ሲሰጥ ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሼህ ሙሀመድሰይድ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሲጠየቁ እኔ እንደሆነ ጆሮዬ ደክሟል፣ ያን ቀንም ደክሞ ነበር አሉ። እድሜ ይስጣቸው። አገሩ ሁሉ ሊዋሽልን ተሰልፎ አንድ ባሌ ብቻ ቀረ።

ረዲ ሲያስብ ከረመና ደጀን ይፍታኝ አለ። የተቀበለኝ እሱ ነው፤ መጥቶ ጎሉ ስር ቆሞ፣ ሼሁ እየሰሙ ፈትቼሃለሁ ካለ፣ እኔም ሳልዋሽ መሬቱን እወስዳለሁ አለ። ለሞኝ የሚሆን መንገድ ነበር፣ ግን መንገድ ነው። ሚኒባስ ይዘን ወልድያ ሄድን። ደጀን አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ወፍሯል። ረዲን አላወቀውም። ማይኩን፣ ኮፍያውን ነገርነው፣ አላወቀም። መጨረሻ ላይ ብቻ አወቅኋችሁ ብሎ ሳቀ፣ ለስላሳ አስመጣልን። የምንፈልገው ገንዘብ ሳይሆን አንዲት ቃል መሆኗን ሲሰማ ቀለለው። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው አለ፣ ደረቱን መታ። ረዲ እጁን ሳመው። እኔ ያን እጅ ብነክሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሼሁን በባጃጅ አመጣናቸው፣ ጎሉ ስር ወንበር አደረግንላቸው። ፀሐይ ወጣች፣ ጥላው ዞረ፣ ሼሁን ወደ ጥላው አዛወርናቸው፣ ጥላው ደግሞ ጠፋ። ስልኩን ስንደውል ጠራ፣ ጠራና ተዘጋ። ሙህሲን ጎሉን ተደግፎ አባቱን ብቻ ያያል። ረዲ ታሞ ይሆናል አለ። አይታመምም አልኩት፣ እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይታመማል። የተማረው ሰው ቃሉን ከለስላሳ ጋር ሰጥቶን ቤቱ ቀረ፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን።

ስብሰባው በሳምንቱ እዚያው የሲሚንቶ ደረጃው ላይ ሆነ። ሰዉ አገዳውን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ረዲን ለምኜው ነበር። አፈር ስሆን አልኩት፣ ለልጅህ ስትል አልኩት፣ ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው አልኩት። ዝም አለ። ዝምታውን እሺ ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ።

ተራው ደረሰ። አንዷለም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ የዓይነ ስውር እጅ ይዞ እንደሚያሻግር ሰው ጠየቀው።

"ጋሽ ረዲ፣ መሬትዎ ካሳ ሳይከፈልዎ ነው የተወሰደብዎ፣ አይደለም እንዴ?"

ረዲ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። አንዷለም በእሱ ፈንታ ራሱን ሊነቀንቅለት ምንም አልቀረውም። ሼህ ሙሀመድሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"አልተወሰደብኝም ልጄ" አለ። "ሰጥቻለሁ።"

አንዷለም እንደገና፣ በደንብ ያስታውሱ፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ተገደውም ሊሆን ይችላል አለው። ረዲ ማንም አላስገደደኝም፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት ብሎ ተቀመጠ። ደስ ብሎኝ ማለቱ ነው የገደለኝ። ከኋላ አንድ ሰው እንኳን ዘንቦብሽ ብሎ ሲተርት ሰማሁ። ሙህሲን ከተቀመጠበት ተነሣ፣ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፣ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። አባቱን አልሰደበም፣ እኔንም አላየኝም።

ይሉኝታ የሚባል ነገር ያን ሰዓት ጥሎኝ ሄደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባሌን "መሬቱን አይደለም የሰጠኸው፣ ልጄን ነው" አልኩት። ቤት ገብተን ብዙ ተናገርኩት፤ ምን ያልተናገርኩት አለ። ለደጀን የሰጠኸውን ክብር ለልጅህ ነፈግኸው አልኩት። ሰዉ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል፣ አንተ ወረቀትም የለህ አልኩት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብዋሽማ ሙህሲን ያንን እያረሰ ምን ብሎ ያስበኛል አለ። ጠግቦ ያስብሃል አልኩት። ያለቅሳል እንዴ ብዬ አየሁት፤ ያለቅሳል።

መሬቱን ከብት ለሚያደልብ ባለሀብት ሰጡት። ታፔላ ተተክሏል፣ ታፔላው ላይ አንድ የደለበ በሬ ተስሏል። ሌላ በሬ እስካሁን አልመጣም። ያው ፍየሎቹ ናቸው።

አጨዳው አለቀ። ሙህሲን የባለመሬቱን ድርሻ አስረክቦ፣ የኛን ጎተራ ከትቶ፣ አንዲት የጀርባ ቦርሳ አዘጋጀ። ልለምነው ብዬ ተውኩት፤ ምን ብዬ ላስቀረው፣ ምን አለኝና። ረፋድ ላይ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሸኘነው። ልጆቹን የሚወስደው መኪና ቆሟል፣ ጓደኞቹ ከላይ ሆነው ና እንጂ ይሉታል። ረዲ ዱዓ ሊያደርግ እጁን ዘረጋ፣ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሙህሲን የአባቱን ጉልበት ሳመ። ቀስ ብሎ ነው የሳመው፣ እንደተጣላ ሰው አልነበረም።

እኔ የቦርሳውን ማንገቻ ይዤ አልለቅም አልኩ። ባሕሩን እያሰብኩ ነበር። ያን የጎረቤታችንን ልጅ ስልክ እያሰብኩ ነበር። ትመለሳለህ አልኩት። ኢንሻአላህ አለኝ። ኢንሻአላህ አልበቃኝም።

"ቃል ግባልኝ" አልኩት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ ከማንገቻው አላቀቀ፣ በሁለት እጁም ያዛቸው።

"ቃልማ አልገባልሽም እማ። ከገባሁ እንደ አባ መጠበቅ አለብኝ፤ መመለሴን ግን አላውቅም።"

መኪናው ተነሣ። ዕድሜዬን ሙሉ በባሌ ቃል ስስቅ የኖርኩ ሴት፣ አስፋልት ዳር ቆሜ አንዲት ቃል ለመንኩ፣ ልጄም ከለከለኝ።